የቀይ ሥር ዘር ስሙና ዓመቱ ተጽፎበት ይሸጥ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ጓሮ አትክልት ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ ቀይ ሥር የተነሣው በሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። አንደኛው ዘሩን ከመደብር ገዝቶ መዝራት እንደሚቻል ይናገራል፤ ሁለተኛው ደም ይተካል ይላል። ወደ ሁለተኛው ኋላ እመለስበታለሁ። አንደኛው ግን ለከተማ አትክልተኛ ዋና የሆነውን ጉዳይ ሳይነካ አልፏል፤ ይኸውም የሚዘራው ቀይ ሥር የትኛው ዝርያ እንደሆነ የሚያውቅ ገዢ እምብዛም አለመኖሩ ነው። ጤፍ ስንገዛ ማኛ ነው ሠርገኛ ብለን እንጠይቃለን፤ ድንችና ሽንኩርት ስንገዛም ከየት እንደመጣና የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳንጠይቅ አንመለስም። ቀይ ሥር ላይ ስንደርስ ግን ሻጩም ገዢውም ዝም ይላሉ።

ዘር ከሚቸረችሩ መደብሮች ብዙዎቹ ከውጭ በቆርቆሮ ታሽጎ የመጣውን ከፍተው በማንኪያ እየሰፈሩ ይሸጣሉ። አሠራሩ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ለአንዲት መደብ የሚበቃ ዘር የሚፈልግ ሰው ሙሉ ቆርቆሮ ይግዛ ማለት ተገቢ አይሆንም። ችግሩ የዝርያው ስም፣ የታሸገበት ዓመትና ዲቃላ (ሁለት የተለያዩ ወላጆች ሆን ተብሎ ተዳቅለው የተገኘ) መሆን አለመሆኑ በቆርቆሮው ላይ ተጽፎ ቀርቶ፣ ገዢው ይዞት የሚሄደው በወረቀት የተጠቀለለ ስም የለሽ ዘር መሆኑ ነው (የጋዜጣችሁም ገጽ አልፎ አልፎ ለዚህ አገልግሎት ይውላል)። የቀይ ሥር ዘር በደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ከተቀመጠ አራት አምስት ዓመት የመብቀል አቅሙን ይዞ ይቆያል፤ እርጥበትና ሙቀት ካገኘው ግን ከዚያ በፊት ይደክማል። ዓመቱን ያላወቀ ገዢ ዘሩ ሳይበቅልለት ሲቀር በአፈሩ ያመካኛል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ስለ ቀይ ሥር ማሰቡን ይተዋል።

ነባር ዝርያ የምላቸው ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲዘሩ የኖሩትን፣ በነፋስ ወይም በነፍሳት አማካይነት በተፈጥሮ የአበባ ብናኝ የሚቀባበሉትንና ዘራቸው ተመልሶ ሲዘራ ወላጁን የሚመስል ተክል የሚሰጡትን ነው። ከእነዚህ አንዱ በአገራችን ገበያም የሚሸጠው ዲትሮይት ዳርክ ሬድ ነው። ዛሬ በመኪና ፋብሪካዎቿ ስሟ የሚነሣው የአሜሪካዋ ዲትሮይት በዚያን ዘመን የአንድ ታላቅ የዘር ኩባንያ መቀመጫ ነበረች፤ የዲ. ኤም. ፌሪ ኩባንያ ይህን ዝርያ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1892፣ ማለትም ከዐድዋ ድል አራት ዓመት ቀድሞ ነው። ክብ፣ ውስጡ እስከ መሐል ድረስ ጠቆር ያለ ቀይ፣ በመልካም ሁኔታ ላይ በሁለት ወር ገደማ የሚደርስ ሲሆን፣ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ከገበያ ሳይወጣ የቆየው ከቦታ ቦታ የአየር ጠባይ ሲለዋወጥ ብዙ ስለማያስቸግር ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ሳናውቀው ነባር ዝርያ ስንዘራ ኖረናል ማለት ነው፤ አለማወቃችን ግን ከተመሳሳዩ መደብር በቀጣዩ ወቅት ሌላ ነገር ገዝተን ስንመለስ የተለወጠው ዘሩ ይሁን አያያዛችን ለይተን እንዳንናገር አድርጎናል።

ዲቃላ ዘርን የማጥላላት ሐሳብ የለኝም። በሰፊ ማሳ ዘርቶ ለአትክልት ተራ የሚያቀርብ ገበሬ ሁሉም በአንድ ቀን ደርሶ፣ ሁሉም እኩል ሆኖ እንዲነቀልለት ይፈልጋል፤ ዲቃላው ለእርሱ ጥሩ ነው። የጓሮ አትክልተኛ ፍላጎት ግን ከዚህ የተለየ ነው። አንዱ ዛሬ፣ አንዱ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንዱ ደግሞ ለጾሙ መፍቻ አካባቢ ቢደርስ ለቤተሰብ ይመቻል እንጂ አይጎዳም። ይህ አለመመሳሰል ነባር ዝርያዎች የሚነቀፉበት ጠባይ ሲሆን በጓሮ ግን ጥቅም ነው።

ከዲትሮይት ሌላ ስማቸው ሊታወቅ የሚገባ አሉ። ኪዮጃ የሚባለው ስሙን ያገኘው በቬኒስ አጠገብ ካለችው የኢጣሊያ የባሕር ዳር ከተማ ነው፤ በአግድም ሲቆረጥ ነጭና ሮዝ ቀለበት በቀለበት ሆኖ ይታያል፣ እጅንም ሆነ ድንቹን አያቀላም። ቀለበቱ ሲቀቀል ስለሚደበዝዝ ውበቱን ለማየት የሚፈልግ በጥሬው ስስ አድርጎ ከትፎ በሎሚ ይብላው። በዴንማርክ የተገኘው ሲሊንድራ እንደ ካሮት ረዘም ያለ ነው፤ ክቦቹ እኩል ሆነው ስለሚቆረጡ ለሰላጣ ምቹ ነው። ኤርሊ ዎንደር ቶሎ ይደርሳል፣ ቅጠሉም ብዙ ነው። ቢጫም አለ፤ ጣዕሙ ለዘብ ያለ ቢሆንም ዘሩ ከቀዩ ያነሰ ይበቅላልና ጠቅጠቅ አድርጎ መዝራት ያስፈልጋል።

አዲስ አበባን የመሰለ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የሆነ ከተማ ለቀይ ሥር የታደለ ቦታ ነው። ተክሉ የሚወደው ሙቀት ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ውስጥ ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ውስጡ ነጣ ያሉ ቀለበቶች ያወጣል፣ ጣፋጭነቱም ይቀንሳል። ዘሩ ከመዘራቱ በፊት ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ቢያድር ቶሎ ይበቅላል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ፣ በረድፍና በረድፍ መካከል ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ተትቶ ይዘራል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎችን የሚያሳስታቸው ነገር አለ፤ ዘር ብለን የምናየው ሻካራ ቅንጣት በእውነቱ የበርካታ ዘሮች ጥምር ፍሬ ስለሆነ ከአንዱ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ቡቃያ ይወጣል። እነዚህ ሳይሳሱ ከቀሩ ሁሉም ቅጠል ብቻ ይሆናሉ፤ ሥር የሚይዝ አይገኝም። አንዱን ጠንካራ አስቀርቶ ሌሎቹን በመቀስ ከግንዳቸው መቁረጥ የሚቀረውን ሥር ሳያናጋ ሥራውን ይጨርሳል፤ የተቆረጡትም ቡቃያዎች ከጎመን ጋር ድስት ይገባሉ። በመጨረሻ በአንዱና በሌላው መካከል ከስምንት እስከ ዐሥር ሴንቲ ሜትር መኖር አለበት።

አፈሩን በተመለከተ የከተማችን ነገር እንደ ሠፈሩ ይለያያል። ጥቁር ዋልካ ባለበት በኩል ውኃ ስለሚተኛ መደቡን ከፍ ማድረግ ግድ ነው። ቀይ ሥር ኮምጣጣ አፈርን ከሚጠሉት አትክልቶች አንዱ ስለሆነ፣ ቀይ አፈር ባለበት ደጋ ላይ ቅጠሉ ቀልቶና ተኮራምቶ ከቀረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአፈሩ አሲዳማነት ነው፤ ጥቂት ኖራ ወይም ከምድጃ የተረፈ የእንጨት አመድ ነስንሶ ከአፈሩ ጋር ማዋሐድ ይረዳል። አመዱ ፖታሽየምም ስለሚጨምር ሥሩን ይጠቅመዋል። ያልበሰለ ፍግ ግን መጨመር አይገባም፤ ቅጠሉ ይፋፋል፣ ሥሩ ጭራ ያበዛል። ውኃውም ዛሬ ጎርፍ፣ ለሳምንት ድርቅ መሆን የለበትም፤ እንዲህ ከሆነ ሥሩ ይሰነጠቃል። ስለ ወቅቱ ከተጠየቅሁ፣ ውኃ የሚያገኝ ሰው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ቢዘራ ከክረምቱ የቅጠል ጠብጣብ በሽታ ይድናል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ቀዝቃዛ ሌሊትም ሥሩን ያጣፍጠዋል፤ ቀላል ውርጭንም ይችላል።

ሥሩ ከአምስት እስከ ሰባት ሴንቲ ሜትር ሲወፍር መንቀል ነው፤ ትልቅ ይሁን ብሎ መጠበቅ እንጨት መብላት ነው። ሲቀቀል አይላጥም፤ ቅጠሉም ከሥሩ አናት ጥቂት ጣት ያህል አገዳ ተትቶለት ይቆረጣል፣ አለበለዚያ ቀለሙ ውኃው ውስጥ ይቀራል። አፈር አፈር ይሸታል ብለው የማይበሉት ሰዎች አሉ፤ ሽታው ጂኦስሚን ከሚባል ንጥረ ነገር የሚመጣ ሲሆን፣ ዝናብ ሲጥል ከመሬት የሚነሣውም ሽታ ከዚሁ ነው። አሲድ ስለሚሰብረው እናቶቻችን የቀይ ሥርና የድንች ሰላጣ ላይ ሎሚ መጭመቃቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ደሙ ልመለስ። ቀለሙ ቀይ የሆነው ቤታኒን በተባለ ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገር ነው፤ ከብረት ማዕድን ጋር ግንኙነት የለውም። በመቶ ግራም ቀይ ሥር ውስጥ ያለው ብረት ከአንድ ሚሊ ግራም ያነሰ ስለሆነ፣ ደም ማነስ ያለባት እናት በዚህ ብቻ ተማምና ሕክምናዋን እንድትተው የሚያደርግ ምክር በጋዜጣ መውጣት የለበትም። ቀይ ሥር የሚመሰገንበት ፎሌት የተባለው ቫይታሚን ነው፤ መቶ ግራም ጥሬው ወደ 110 ማይክሮ ግራም ይይዛል፣ አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው ደግሞ 400 ነው። ፎሌት ለደም ሕዋሳት መሠራት አስፈላጊ በመሆኑ የሕዝቡ አባባል በአንድ ወገን መሠረት አለው፤ ከቀለሙ ጋር መያያዙ ነው ስሕተቱ። ሽንታቸው ቀልቶ የሚደነግጡም አሉና፣ ቀይ ሥር ከተበላ በኋላ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሚታይ ጉዳት የሌለው ነገር መሆኑን መጻፍ ይጠቅም ነበር። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ግን፣ በተለይ ቅጠሉ ለጠጠር መፈጠር ምክንያት የሚሆነው ኦክሳሌት ስለሚበዛበት፣ ሐኪሙን ጠይቆ ይብላ።

ቅጠሉን ካነሣሁ፣ በየገበያው እየተቆረጠ ለፍየል የሚጣለው ይህ ቅጠል የቆስጣ ወንድም ነው። ቆስጣና ቀይ ሥር በሳይንስ አጠራር ቤታ ቩልጋሪስ የተባለ የአንድ ዝርያ ሁለት ወገኖች ናቸው፤ ስኳር የሚወጣበት ነጩ ሹገር ቢትም ሦስተኛው ነው። ሁሉም በሜዲትራኒያንና በአትላንቲክ ዳርቻ ከሚበቅል አንድ የዱር ተክል የመጡ ሲሆን፣ የጥንት ሰዎች ይበሉት የነበረው ሥሩን ሳይሆን ቅጠሉን ነበር። ለጋው የቀይ ሥር ቅጠል እንደ ቆስጣ ተቀቅሎ በነጭ ሽንኩርት ሲጠበስ ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ በላተኛ ጥቂት ነው።

ይህ ዝምድና ዘር ለማስቀረት ለሚፈልግ ሰው ሌላ መዘዝ አለው። ቀይ ሥር የሚዳቀለው በነፋስ ነው፤ የአበባው ብናኝ ረጅም ርቀት ስለሚሄድ በአካባቢው ያበበ ቆስጣ ካለ የሚገኘው ዘር ከሁለቱም የተቀላቀለ ይሆናል። ከዚህም በላይ ቀይ ሥር የሁለት ወቅት ተክል ነው፤ በመጀመሪያው ሥር ይይዛል፣ በሁለተኛው ያብባል። ለማበብ ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ለብዙ ሳምንታት ካላገኘ፣ ከዚያም በኋላ ረዘም ያለ የቀን ብርሃን ካላየ ሥር እንደያዘ ይቀራል። በአውሮፓ ሁለቱም ወቅቱን ጠብቆ ይመጣል። በእኛ ዘንድ ግን የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ደጋው ቅዝቃዜውን ቢሰጥ እንኳ ብርሃኑን አይሰጥም። ዘሩ በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አንዳንድ አትክልተኞች በመጀመሪያው ወቅት ያለ ጊዜው አገዳ ያወጣ ተክል ሲያገኙ ዕድል ቀናን ብለው ዘሩን ይለቅማሉ፤ ይህ ግን ሥር ሳይዝ ወደ አበባ የሚሮጠውን ጠባይ መርጦ ማባዛት ነው፤ የዚያ ተክል ልጆችም እንደ እናታቸው ናቸው።

እንግዲህ ዘሩ እዚህ ካልተባዛ ነባር ሆነ አልሆነ ምን ለውጥ ያመጣል የሚል አንባቢ ይኖራል። ለውጡ ዘሩን እዚሁ ለማባዛት የሚደረግን ሙከራ የሚቻል ማድረጉ ላይ ነው። ሽንኩርትም የሁለት ወቅት ተክልና ቅዝቃዜ ፈላጊ ሲሆን፣ በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ተመርጦ የወጣው አዳማ ቀይ የተባለው ዝርያ ዛሬ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በገበሬዎች እጅ ጭምር ዘሩ ይመረታል። ይህ የሆነው በአገሩ አየር ሊያብብ የሚችለውን ዓይነት በትዕግሥት የሚመርጥ ተመራማሪ ስለነበረ ነው። ለቀይ ሥርም በሆለታ ወይም በደብረ ብርሃን ደጋ ላይ፣ ሥሩን በማቀዝቀዣ ለሁለትና ለሦስት ወር አቆይቶ፣ ከተተከለ በኋላም ብርሃን በአምፖል አራዝሞ ቢሞከር የሚጠይቀው ወጪ ብዙ አይመስለኝም። ሙከራው ግን በዲቃላ ዘር ቢደረግ ከተገኘው ዘር የሚበቅለው ልጅ እናትና አባቱን ስለማይመስል ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

የራሳችን የገብስና የስንዴ፣ የማሽላ፣ የባቄላና የአተር ነባር ዘሮች እየጠፉ ሳለ ስለ ፈረንጅ አትክልት ዘር መጨነቅ ምን ይባላል የሚል ጥያቄም አውቃለሁ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ቅድሚያውም የእነርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተውን የዕፀዋት ዘረ መል ማዕከል የመሩትና በ1989 “አማራጭ ኖቤል” እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበሉት ዶክተር መላኩ ወረደ ሲከራከሩለት የኖሩት ሐሳብ ግን ዘር በቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ከሚቀመጠው በተጨማሪ በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ መጠበቅ አለበት የሚል ነበር። በጓሮው አንዲት መደብ ቀይ ሥር የዘራና ስሙን ያወቀ የከተማ ልጅ፣ ነገ አያቱ መንደር ሄዶ ይህ ገብስ ስሙ ማን ነው ብሎ ለመጠየቅ የቀረበ ይመስለኛል።

ከውጭ አገር የሚመጡ ዘመዶቻችን በሻንጣቸው የዘር ከረጢት እንዲያመጡልን ስንጠይቅም ጥንቃቄ ያሻናል። ዘር ወደ አገር ለማስገባት ፈቃድና ከላኪው አገር የዕፀዋት ጤንነት የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ሕጉ የወጣው በዘር ላይ ተጣብቆ የሚመጣ በሽታን ለመከላከል ነው። ኪዮጃን ወይም ቢጫውን ለመቅመስ የጓጓ ሰው ይህን መንገድ ከመምረጥ አስመጪዎችን በስሙ እየጠራ ቢጠይቅ ይሻላል፤ ጠያቂ ሲበዛ ያመጡታል።

ዘር ሻጮችን የምለምነው ግን ቀላል ነገር ነው። ከቆርቆሮው ሲሰፍሩ በጥቅሉ ላይ የዝርያውን ስም፣ የታሸገበትን ዓመትና ዲቃላ ወይም ዲቃላ ያልሆነ መሆኑን በእስክሪብቶ ይጻፉልን። የከተማ ግብርናን ለማበረታታት በየወረዳው ዘር የሚያድሉ ክፍሎችም እንዲሁ ያድርጉ። ዝግጅት ክፍሉም በሚቀጥለው መስከረም ስለ ጓሮ አትክልት ሲጽፍ በየመደብሩ የሚሸጡትን የቀይ ሥር ዝርያዎች በስማቸው ጠይቆ ቢያትምልን፣ ገጹን ለዘር መጠቅለያ ከመስጠታችን በፊት ቆርጠን እናስቀምጠዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣው አንባቢ
ከአዲስ አበባ